«ዝም» ይነቅዛል፦ ስለ መንግሥት ሠራተኞች የውል ድርድርና ስለ እኛ ዝምታ

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እንደ ልማዳችን በሕንጻው ምድር ቤት ተሰባስበን የተማሪዎች የፈተና ወረቀት እናርማለን። ቤተ ሙከራዎቹን ማታ ማታ የሚያጸዱት የአገራችን ሰው፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ መወልወያቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡና ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። እስቲ ይህቺን አንብቡልኝ። ውሉ ሊያልቅ ነው አሉ። ኢንሹራንሱን ሊነኩት ነው አሉ። ማኅበሩ ስብሰባ ጠርቷል። ምን አውቄ ልሂድ?»

ወረቀቱን ተቀባበልነው። ከመካከላችን ሁለቱ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ሊጨርሱ የደረሱ ናቸው፤ አንዱ የኢኮኖሚክስ ረዳት አስተማሪ ነው። እንግሊዝኛውን አነበብነው፤ ነገሩን ግን አላወቅነውም። ውሉ ማንን ማንን ይሸፍናል? ሲያልቅ ኢንሹራንሱ አብሮ ያልቃል ወይስ ይቆያል? የሚያጸድቀውስ ማነው? አንዳችንም መልስ አልነበረንም። ይባስ ብሎ እኛም እኮ የዚሁ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ተቀጣሪዎች ነን! የምናስተምርበት ሰዓት፣ የትምህርት ክፍያችን የሚሸፈንበት መንገድ፣ ስንታመም የምንታከምበት ነገር ሁሉ እንዲሁ በውል የተጻፈ ነው። እሱንም አንብበነው አናውቅም።

ከእኛ አንዱ ኀፍረቱን ለመሸፈን ይመስላል፣ «እትዬ፣ ይቅርብዎ። የሰው አገር ነው። ዝም አይነቅዝም» አላቸው።

እሳቸውም ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ዝም አይነቅዝም የሚል ጎተራው ባዶ የሆነ ሰው ነው ልጄ። እህል ያለው ሰው ከፍቶ ያያል» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ያ መልስ ነው። ጽሑፉ ወቀሳ ነው። ወቀሳው ግን ለሩቅ ሰው አይደለም፤ ለራሳችንና ለእናንተ፣ በዚህ አገር የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች እየተማርን በማስተማርና በምርምር ለምንተዳደረው ኢትዮጵያውያን ነው። ስለ ዓለም ጭቆና ስንከራከር የምናነጋ ሰዎች፣ ደመወዛችን በሚወሰንበት ድርድር ፊት ድዳ ሆነናል። (ዘመኖቹ ስለ አሜሪካ ሲሆኑ እንደ ፈረንጅ፣ ስለ አገራችን ሲሆኑ እንደ አገራችን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

ነገሩ ምንድን ነው?

በቅድሚያ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በአሜሪካ የግል ድርጅት ሠራተኛ በማኅበር ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር የመደራደር መብቱ በፌዴራል ሕግ የተረጋገጠው በ1935 ነው። ያው ሕግ ግን የስቴት መንግሥታትንና ከተሞችን «አሠሪ» ከሚለው ቃል ውጪ አደረጋቸው። እናም የስቴት ጽዳት ሠራተኛ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር፣ የስቴት ሆስፒታል ነርስ፣ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ረዳት አስተማሪ፣ መብታቸው በያሉበት ስቴት ሕግ ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ቀረ። ድንበር በተሻገሩ ቁጥር መብቱም ይለወጣል።

ለምሳሌ ዊስኮንሲን በ1959 የከተማና የካውንቲ ሠራተኞች እንዲደራደሩ በሕግ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት። በዚያው በ1959 ኖርዝ ካሮላይና መንግሥት ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የሚያደርገው ውል ሁሉ ፈራሽ ነው የሚል ሕግ አወጣች። ኒው ዮርክ ደግሞ በ1967 ማኅበሩንና ድርድሩን ፈቅዳ አድማውን ከለከለች፤ በ1969 ባደረገችው ማሻሻያም አድማ የመታ ሠራተኛ ለቀረበት ለእያንዳንዱ ቀን የሁለት ቀን ደመወዝ እንዲቆረጥበት ደነገገች። ሆኖም በ1982 ያንኑ ሕግ ስታሻሽል፣ የአሮጌው ውል ጊዜ ቢያልፍም አዲስ እስኪፈረም ድረስ ድንጋጌዎቹ ይጸናሉ አለች። የእትዬ ጥያቄ፣ «ኢንሹራንሱ አብሮ ያልቃል ወይስ ይቆያል?» ያሉት፣ መልሱ እንዲህ ያለ አንቀጽ በመኖሩና ባለመኖሩ ይወሰናል ማለት ነው። እኛ ግን ይህን እንኳ ሳናውቅ «ይቅርብዎ» አልናቸው!

ድርድሩስ እንዴት ነው? ከስቴቱ በኩል አገረ ገዥው ወይም ዩኒቨርሲቲው የሚወክላቸው ሰዎች ይቀመጣሉ። ከሠራተኛው በኩል ማኅበሩ የመረጣቸው ይቀመጣሉ። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ አንድ ሠራተኛ ሲከሰስ በምን ሥርዓት እንደሚዳኝ ይነጋገራሉ። ሲስማሙ አባላቱ ድምፅ ይሰጡበታል፤ በብዙ ስቴቶችም የስቴቱ ምክር ቤት ያጸድቀዋል ወይም ገንዘቡን ይመድብለታል። እንደ አገራችን ሽምግልና አይደለም። በሽምግልና ሽማግሌው መካከል ተቀምጦ ሁለቱን ወገን ያበርዳል። እዚህ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ናቸው፤ ሸምጋይ የሚጠራው ነገሩ ሲከር ነው።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር አንድ ነው። ውል ማለት አሠሪው ብቻውን ሊለውጠው የማይችለው ነገር አለ ማለት ነው። ደመወዝ መጨመር ብቻውን መብት አይደለም። ደስ ሲለው ንጉሥም ይጨምራል፤ ደግ ዲንም ይጨምራል። ያ ችሮታ ነው። ችሮታን የሰጠ እጅ ነገ መልሶ ይወስደዋል፤ ያኔ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅበት አንቀጽ ያለው ሰው የለም። የውል ትርጉሙ «ለምን?» የማለት ሥልጣን ነው። ይህን ይዘን በመካከላችን ወደሚነገሩት ሰበቦች እንለፍ። ሦስት ናቸው።

አንደኛው ሰበብ፦ «እኛ የመጣነው ለመማር ነው»

እውነት ነው፤ ለመማር ነው የመጣነው። ግን ጠዋት ክፍል ገብተን ለሠላሳ ተማሪ ካልኩለስ ስናስተምር፣ ከሰዓት በኋላ ለፕሮፌሰሩ የሙከራ ውጤት ስንመዘግብ፣ ያ ምንድን ነው? ትምህርት ነው ወይስ ሥራ? ዩኒቨርሲቲው ሲመቸው «ተማሪዎች» ይለናል፤ ግብር ሲቆርጥብን ግን የደመወዝ ወረቀት ይሰጠናል። እኛም ሲመቸን «ተማሪዎች ነን» ብለን ከስብሰባው እንቀራለን፤ ውሉ ጭማሪ ሲያመጣ ግን «አይ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፣ አልወስድም» ያለ ሰው እስካሁን አላየንም።

የአገራችን ሰው ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዕድር አለን እኮ! ዕድር ሳይከፍል ድንኳን የሚጠብቅ ሰው በሰፈሩ ምን ተብሎ እንደሚጠራ እናውቃለን። እዚህ አገር ግን ሳይከፍሉ ድንኳኑ ሥር መቀመጥ የሕግ ከለላ አለው። በጁን 2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኢሊኖይ አንድ የስቴት ሠራተኛ ባቀረበው ክስ፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ አባል ያልሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ለድርድሩ ወጪ ምንም እንዲከፍል አይገደድም ብሎ ፈረደ። ከ1977 ጀምሮ የኖረውን የራሱን ፍርድ ነው የሻረው። በሌላ በኩል በብዙ ስቴቶች ማኅበሩ አባል ለሆነውም ላልሆነውም እኩል የመደራደር ግዴታ አለበት። እንግዲህ ሕጉ «አትክፈል፣ ግን ብላ» ብሏል። ሕግ የፈቀደው ሁሉ ግን ነውርነቱ አይቀርለትም።

ድርድር ምን እንደሚያመጣ ለሚጠይቀን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኖቬምበር 2022 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48 ሺህ ያህል ረዳት አስተማሪዎችና ተመራማሪዎች ሥራ አቆሙ። አድማው ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ከዚያ በፊት የረዳት አስተማሪ ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 23 ሺህ ዶላር ግድም ነበር፤ በተፈረመው ውል በ2024 መጸው ወደ 34 ሺህ ገደማ እንዲደርስ ተደረገ። ያን የፈረመው የዲኑ ርኅራኄ አይደለም።

ሁለተኛው ሰበብ፦ «የመንግሥት ገንዘብ የድሃው ገንዘብ ነው»

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ የሚያነሱትም ከመካከላችን በጣም የሚያስቡት ናቸው። «ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛው የሚደራደረው ከባለሀብቱ ትርፍ ላይ ነው። መንግሥት ግን ትርፍ የለውም። የመንግሥት ሠራተኛ ሲደራደር ከግብር ከፋዩ፣ ማለት ከራሱ ከሕዝቡ ጋር ነው የሚደራደረው» ይላሉ። ሐሳቡ ቀላል አይደለም። የ1935ቱን ሕግ የፈረመው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ራሱ በ1937 በጻፈው ደብዳቤ፣ የኅብረት ድርድር በተለመደው ትርጉሙ ወደ መንግሥት ሥራ ሊዛወር አይችልም ብሏል። ስለዚህ ይህን ሐሳብ የያዘ ሁሉ የሠራተኛ ጠላት ነው አንልም።

መልሳችን ግን ከታሪክ ነው። ዊስኮንሲንን እንይ።

በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2011 የዊስኮንሲን አገረ ገዥ ስካት ዎከር አንድ ሕግ አቀረበ። ምክንያቱ በጀት ነው ተባለ፤ በዚያ የበጀት ዘመን 137 ሚሊዮን ዶላር ይጎድላል ተባለ። በሕጉ መሠረት የመንግሥት ሠራተኞች ለጡረታቸው ከደመወዛቸው 5.8 በመቶ ያህል፣ ለሕክምና ኢንሹራንሳቸውም ከወጪው 12.6 በመቶ ያህል እንዲከፍሉ ተጠየቀ። ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ከእንግዲህ ድርድሩ በመነሻ ደመወዝ ላይ ብቻ ይሁን፤ ያም ከኑሮ ውድነቱ መጠን በላይ ከሄደ ሕዝብ ድምፅ ይስጥበት፤ ማኅበሩ በየዓመቱ እንደ አዲስ ምርጫ ይግባ፤ በምርጫውም ድምፅ ከሰጡት ሳይሆን ከጠቅላላው ሠራተኛ ከግማሽ በላይ ካላገኘ ይፍረስ፤ መዋጮውም ከደመወዝ ላይ አይቆረጥለት አለ። ልብ በሉ፤ ድምፅ ያልሰጠ፣ ቤቱ የተኛ ሰው ሁሉ «ይፍረስ» እንዳለ ይቆጠራል። ዝምታ እዚያ በሕግ ድምፅ ሆነች፤ ድምፅነቷም ለማፍረስ ነው። ዝም አይነቅዝም ለምትሉ ይህን አስረዱን!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ትላልቆቹ ማኅበራት በሳምንቱ ውስጥ ምን አሉ? «ገንዘቡን እንቀበላለን። የጡረታውንም፣ የኢንሹራንሱንም መዋጮ እንከፍላለን። የመደራደር መብታችንን ብቻ ተዉልን» አሉ። ነገሩ በጀት ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር፤ የተጠየቀው ገንዘብ እጅ ላይ ወድቋል። አገረ ገዥው ግን አይሆንም አለ። የተፈለገው ገንዘቡ ብቻ እንዳልነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። የተፈለገው ነገ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ እንዳይኖር ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ሁላችሁም በወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። አሥራ አራት የዴሞክራት ሴናተሮች ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሞላ ወደ ኢሊኖይ ተሻገሩ። የበጀት ምደባ ያለበት ሕግ እንዲያልፍ ሃያ ሴናተር መገኘት ነበረበት። ማርች 9 ቀን የቀሩት ሴናተሮች የበጀት ምደባውን አንቀጾች አወጡና ቀሪውን 18 ለ1 አሳለፉት። ለበጀት ተብሎ የመጣ ሕግ፣ የበጀት ምደባው ወጥቶለትም ቆሞ ሄደ! በማርች 11 ተፈረመ።

እንግዲህ «ከሕዝብ ጋር ነው የሚደራደሩት» ለሚሉን መልሳችን ይህ ነው። ሕዝብና መንግሥት አንድ አይደሉም። በድርድሩ ላይ የሚቀመጠው ሕዝቡ ሳይሆን ለተወሰነ ዘመን ሥልጣን የያዘ ሰው ነው። እትዬስ ሕዝብ አይደሉም? ግብር አይከፍሉም? መንግሥት በግብር ከፋዩ ስም ሲናገር፣ ግብር ከፋይዋ ጽዳት ሠራተኛም በራሷ ስም ትናገር ነው የምንለው። ገንዘቡ ካነሰ መዝገቡ ይከፈትና ይታይ፤ ሠራተኛውም አንብቦ ይስማማ። ዊስኮንሲን ላይ እስማማለሁ ብሎ ነበር እኮ።

ተማሪዎቹና እሳት አጥፊዎቹ

ከዊስኮንሲን ሁለት ነገር ለእኛ በተለይ ይነገረን።

አንደኛ፣ እዚያ ፊት ከቀደሙት ውስጥ እንደ እኛ ያሉ ነበሩ። የማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ረዳት አስተማሪዎች ማኅበር በ1966 ተመሥርቶ፣ በ1970 አድማ መትቶ የመጀመሪያ ውሉን ያስፈረመ ማኅበር ነው። ሕጉ በቀረበ በሦስተኛው ቀን፣ በፌብሩዋሪ 14፣ አባላቱና ተማሪዎቹ የፍቅረኞች ቀን ካርድ ይዘው ወደ አገረ ገዥው ቢሮ ሄዱ። ካርዱ «ዩኒቨርሲቲያችንን እንወዳለን፤ ልባችንን አትስበር» የሚል መንፈስ ነበረው። ከዚያ ወዲያ ሰዉ የምክር ቤቱን ሕንጻ ሞላው፤ ሌሊቱንም መሬት ላይ ተኛ። ለመማር የመጡ አልነበሩም?

ሁለተኛ፣ ሕጉ ፖሊሶችንና እሳት አጥፊዎችን አይነካም ነበር። መብታቸው አልተወሰደም፤ ደመወዛቸው አልተነካም። «ዝም አይነቅዝም» ለማለት በዓለም ላይ ከእነሱ የተሻለ ምክንያት የነበረው አልነበረም። እሳት አጥፊዎቹ ግን ከነዩኒፎርማቸው መጥተው ከመምህራኑና ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ተሰለፉ። እኛ የሚነካን ውል ፊት ዝም ስንል፣ እነሱ የማይነካቸው ሕግ ፊት ጮኹ።

መጨረሻውን መደበቅ አይገባንም። ሕጉ ጸና። በጁን 2012 አገረ ገዥውን ከሥልጣን ለማውረድ ምርጫ ተደርጎ ሕዝቡ እንደገና እሱን መረጠ። በስቴቱ ከጠቅላላው ተቀጣሪ የማኅበር አባል የነበረው በ2010 14.2 በመቶ ነበር፤ በ2015 ወደ 8.3 በመቶ ወረደ። በዲሴምበር 2024 የአንድ ካውንቲ ዳኛ የሕጉን አብዛኛውን ክፍል ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው፤ ይግባኝም ተጠየቀበት። አሥራ ሦስት ዓመት ተኩል አለፈ ማለት ነው። መብት በአንድ ወር ይወሰዳል፤ ለመመለስ ግን አንድ ሕፃን ተወልዶ ሁለተኛ ደረጃ እስኪገባ ይፈጃል።

ሕዝቡ ለምን መረጠው? ይህን ካልጠየቅን ጽሑፋችን ጭፍን ሙገሳ ይሆናል። ማኅበራቱም ጥፋት አለባቸው። የግል ድርጅት ሠራተኛው ጡረታውና ኢንሹራንሱ ሲሸረሸር ለዓመታት አይቷል፤ ጎረቤቱ የመንግሥት ሠራተኛ ግን በውሉ ተከልሎ ነበር። ሰዉ «ለእኔም ይኑረኝ» እንዲል ያስተማረው ጥቂት ሆነ፤ «ለእሱም አይኑረው» እንዲል የገፋፋው በዛ። ለጎረቤቱ ያልተሟገተ ማኅበር፣ የክፉ ቀን ሲመጣ ጎረቤቱ አይሟገትለትም። ዝምታ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም፤ የማኅበራቱም ነበር።

ሦስተኛው ሰበብ፦ «ቪዛችንስ?»

በዚህ ላይ አንቀልድም። በ2025 የጸደይ ወራት የብዙ የውጭ ተማሪዎች መዝገብ በድንገት መሰረዙንና በየፍርድ ቤቱ ክርክር መነሣቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከመካከላችን ለእናቱ መድኃኒት ከዚህ ደመወዝ የሚልክ አለ። «ሂድና ከሰልፉ ፊት ቁም» ብለን ማንንም አናዝም፤ ሥራ ማቆም በሚከለከልበት ስቴት ያለ የውጭ ተማሪም ሕግ አዋቂ ሳይጠይቅ እግሩን አያንሣ እንላለን።

ግን ነገርን ከነገር እንለይ። የተማሪ ቪዛ የማኅበር አባል መሆንን አይከለክልም። ውልን ማንበብን አይከለክልም። አባል ሆኖ ድምፅ መስጠትን አይከለክልም። የሚያስፈራውን ከማያስፈራው ጋር ደባልቀን ሁሉንም «ቪዛ» በሚል አንድ ጆንያ ውስጥ ከተን አሰርነው። ፍርሃት ነውር አይደለም። ፍርሃትን ጥበብ ነው ብሎ ለሌላው መሸጥ ግን ነውር ነው። ያን ዕለት ማታ እኛ የሸጥነው ይህንኑ ነው፤ ለዚያውም ከእኛ ይልቅ ደፋር ለሆኑ ሴት።

ደግሞም አስቡት። በድርድር ላይ የውጭ ተማሪ ከሌለ የውጭ ተማሪን ጉዳይ ማን ያነሣዋል? ዘመድ ሲሞትብን አገር ደርሰን የምንመለስበት ፈቃድ፣ የቪዛ ማደሻ ሲዘገይ ሥራው የሚጠብቅበት ጊዜ፣ ለውጭ ተማሪ የሚጨመረው ክፍያ፤ እነዚህን የሚያውቃቸው የደረሰበት ነው። አሜሪካዊው ባልደረባችን ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም የማያነሣቸው። አልነገርነውም።

ስለ አገራችንም አንድ ነገር

ይህ ጉዳይ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አብዛኞቻችን የመምህር፣ የነርስ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ልጆች ነን፤ የመንግሥት ደመወዝ ነው ያሳደገን። በየካቲት 11 ቀን 1966 የአገራችን መምህራን የደመወዝን ጥያቄና «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ይዘው ሥራ አቆሙ። በየካቲት 28 የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ አድማ ጠራ፤ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ያለውም ተከተለ። ያኔ መንግሥትና የራሱ ሠራተኛ በሥርዓት ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ወንበር አልነበረም። ወንበር በሌለበት ነገር ሁሉ አደባባይ ላይ ነው የሚያልቀው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42፣ የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞችም ተደራጅተው ከአሠሪያቸው ጋር የመደራደር መብት እንዳላቸው ይናገራል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛውን ከወሰኑ ውጪ አድርጎ ለሌላ ሕግ ይተወዋል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎቹ ታሰሩ። ጥያቄው የሐኪሙ ጥፋተኛነት ወይም የመንግሥት ገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅበት፣ መንግሥትም መዝገቡን ከፍቶ «ይኸውና» የሚልበት ውል የት አለ?

ነገ ተመልሰን ከእነዚህ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ እንቀመጥ ይሆናል፤ አንዳንዶቻችን ተቀጣሪ፣ አንዳንዶቻችን አለቃ ሆነን። ከዚህ አገር ዲፕሎማ ይዞ መመለስ ቀላል ነው። ከአሠሪ ጋር ሳይሰዳደቡ፣ ሳይሰግዱም፣ ወረቀት ዘርግቶ መከራከርን መማር ግን ትምህርት ነው፤ የሚሰጥበትም ክፍል ይኸው እጃችን ላይ ነው፤ ለዚያውም በነጻ።

ምን እናድርግ?

ብዙ አንጠይቅም። አራት ነገር ብቻ።

1. ውሉን እናንብብ። አንድ ሰው አንድ ምዕራፍ ይውሰድ፤ በወር አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን በአማርኛ እናስረዳዳ። ለልብ ወለድ ክርክር ጊዜ ያለን ሰዎች ለዚህ አናጣም።

2. እንደ እትዬ ላሉት፣ በጽዳት፣ በወጥ ቤትና በመኪና ማቆሚያ ለሚሠሩት የአገራችን ሰዎች የየራሳቸውን ውል እንተርጉምላቸው። ቋንቋው የእኛ ዕዳ ነው።

3. የሚችል አባል ይሁን፤ መዋጮውንም ይክፈል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የማይችል ደግሞ «አልችልም» ይበል እንጂ «አያስፈልግም» አይበል።

4. ድርድሩ ሲከፈት የውጭ ተማሪን ጥያቄዎች በጽሑፍ እናቅርብ።

በኋላ እትዬን ፈልገን ይቅርታ ጠየቅናቸው። ወረቀቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረናቸው አነበብን፤ ሦስት ምሽት ወሰደብን። ስለ ኢንሹራንሱ የሚናገረው በአሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ነበር፤ አራት መስመር ብቻ ናት። በእርሳስ አሰመሩባትና ስብሰባቸው ሄዱ። በማግሥቱ ሲነግሩን፣ እጃቸውን አውጥተው በአስተርጓሚ ያንኑ መስመር ጠይቀው ነበር። በአዳራሹ ውስጥ አንቀጹን ከነገጹ የጠራ ሌላ ሰው አልነበረም አሉን።

የእኛም ውል የሚያበቃበት ቀን ተቆርጧል። ዝም ብለን ብንቀመጥም ይደርሳል። ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ከመነቀዙ በፊት ጎተራውን ከፍተን እንይ!